ዴሞክራሲያዊ ሶሻሊዝም ከአሜሪካ ሕገ መንግሥትና ልማድ ጋር ይስማማልን?

አንዳንድ ቃላት ሲነሡ ከትርጉማቸው ይልቅ ትዝታቸው ቀድሞ ይደርሳል። «ሶሻሊዝም» የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን ከነዚህ አንዱ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ ቀጥሎም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በዐዋጅ ሲወረስ፣ ዐዋጁን ያወጣው በሕዝብ ድምፅ ያልተመረጠ ወታደራዊ መንግሥት ነበረ፤ ተቃውሞ ማሰማትም ለእስራትና ለሞት የሚያበቃ ሆነ። ስለዚህ ያንን ዘመን ሸሽተው በአሜሪካ የሰፈሩ ወገኖቻችን በዚያ አገር የምርጫ መድረክ ላይ «እኔ ዴሞክራሲያዊ ሶሻሊስት ነኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥማቸው ቢደነግጡ አያስገርምም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ ነው።

ጥያቄው ግን የስደተኞች ብቻ አይደለም፤ አሜሪካውያን ራሳቸው ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት ኖረዋል። ሴናተር በርኒ ሳንደርስ በ2016 እና በ2020 ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን ከተወዳደሩ ወዲህ፣ ይልቁንም ዞህራን ማምዳኒ በ2025 የኒው ዮርክ ከተማ ከንቲባ ሆነው ከተመረጡ በኋላ ክርክሩ እንደገና ግሏል። (እነዚህም ሆኑ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንዱ ወገን ይህ ትምህርት ለአሜሪካ ባዕድ ነው፣ ሕገ መንግሥቱም አይፈቅደውም ይላል። ሌላው ወገን ትምህርቱ በአገሩ ታሪክ ውስጥ የቆየ ሥር አለው ብሎ ይመልሳል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ማን ይመረጥ የሚለውን አይደለም። አንድ ሕዝብ ስለ ድኻው፣ ስለ ሠራተኛውና ስለ ሀብት በጋራ የመወሰን መብቱ እስከ ምን ይደርሳል? ገደቡስ የት ላይ ነው? የሚለውን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

ስሙን ከነትርጉሙ መለየት

ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት የምንነጋገርበትን ነገር ለይቶ ማወቅ ያሻል። «ዴሞክራሲያዊ ሶሻሊዝም» በተባለው ስም ሥር ቢያንስ ሁለት የተለያዩ አሳቦች ተጠልለው ይገኛሉ። የመጀመሪያው አሳብ ታላላቅ ፋብሪካዎች፣ ባንኮችና የኃይል ምንጮች ከጥቂት ባለሀብቶች እጅ ወጥተው በሕዝብ ወይም በሠራተኞቹ ባለቤትነት ሥር እንዲውሉ ይሻል፤ ይህም በምርጫና በሕግ እንጂ በጦር መሣሪያ እንዳይፈጸም ይፈልጋል። በ1962 ባሳተሙት «ሌላይቱ አሜሪካ» በተሰኘው መጽሐፍ የአገራቸውን ድኾች ኑሮ ለሕዝብ ያሳወቁት ማይክል ሃሪንግተን በ1982 የመሠረቱት «የአሜሪካ ዴሞክራሲያዊ ሶሻሊስቶች» የተባለው ማኅበር ወደዚህ አሳብ ያዘነብላል። ሃሪንግተን በወጣትነታቸው በዶሮቲ ዴይ የካቶሊክ ሠራተኛ ንቅናቄ ውስጥ ያገለገሉ፣ ኋላ ግን ከእምነቱ የራቁ ሰው ነበሩ።

ሁለተኛው አሳብ የግል ንብረትንና ገበያን እንዳሉ ትቶ፣ ሕክምናን፣ ትምህርትን፣ ጡረታንና ለኑሮ የሚበቃ ደመወዝን ለሁሉም በሕግ ማረጋገጥን ይሻል። ሳንደርስ በ2015 የኢየሱሳውያን ማኅበር በሆነው በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ንግግር የገለጹት ይህንኑ ነበረ፤ መንግሥት የማምረቻ ተቋማትን ሁሉ ይያዝ የሚል እምነት እንደሌላቸው ተናግረው፣ ለአርአያነት የጠቀሱት ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልትን ነው። በዚያው ዓመት የዴንማርክ ጠቅላይ ሚኒስትር ላርስ ሎከ ራስሙሰን ወደ አሜሪካ በመጡ ጊዜ አገራቸው በሶሻሊዝም ሳይሆን በገበያ ኢኮኖሚ የምትተዳደር መሆንዋን አስረድተው ነበር። ስለዚህ አንዱን አሳብ የሚደግፍ ሁሉ ሌላውን ይደግፋል ማለት አይቻልም። ፍርዳችንም ለሁለቱ አንድ ዓይነት ሊሆን አይገባውም።

ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል? ምንስ አይልም?

በ1787 የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢነበብ «ካፒታሊዝም» የሚል ቃል አይገኝበትም። መግቢያው ሕዝቡ መንግሥት የሚያቆምበትን ምክንያት ሲዘረዝር ከፍትሕና ከነጻነት ጋር የሁሉን ደኅንነት ማሳደግን ይጠቅሳል። ለኮንግሬስም ግብር የመጣል፣ በግዛቶች መካከል የሚካሄደውን ንግድ የመቈጣጠርና ፖስታ ቤቶችን የማቋቋም ሥልጣን ይሰጣል። በሌላ ወገን ግን ንብረትን ያለ ጥበቃ አልተወውም። ግዛቶች የውል ግዴታን የሚያፈርስ ሕግ እንዳያወጡ ይከለክላል። በ1791 የተጨመረው 5ኛው ማሻሻያም የማንም ሰው ንብረት ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዐት እንዳይነጠቅ፣ ለሕዝብ አገልግሎት ሲወሰድም ትክክለኛ ካሣ እንዲከፈል ያዛል። እንግዲህ ሕገ መንግሥቱ መንግሥት ንብረት አይያዝ አላለም፤ ሕግ ሳይከተልና ካሣ ሳይከፍል አይውሰድ አለ።

ይህ አነጋገር በፍርድ ቤት ተፈትኗል። በ1905 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ሎክነር» በተባለው ጉዳይ የኒው ዮርክ ግዛት የዳቦ ጋጋሪዎችን ሥራ በቀን ከ10፣ በሳምንት ከ60 ሰዓት እንዳይበልጥ የወሰነበትን ሕግ በአምስት ለአራት ድምፅ ሻረው። ምክንያቱም ሕጉ የአሠሪንና የሠራተኛን የመዋዋል ነጻነት ይነካል የሚል ነበረ። ከተቃወሙት ዳኞች አንዱ የሆኑት ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ግን ሕገ መንግሥት አንድን የኢኮኖሚ ትምህርት ለመትከል የተጻፈ አይደለም፣ አባታዊ ቁጥጥርንም ሆነ ልቅ ገበያን ለይቶ አላጸደቀም፣ የተጻፈው በመሠረቱ የተለያየ አመለካከት ላላቸው ሰዎች ነው ሲሉ የተለየ አሳባቸውን አሰፈሩ። በዚያን ቀን የተሸነፈው ይህ አሳብ ከ32 ዓመታት በኋላ አሸነፈ። በ1937 በዋሽንግተን ግዛት የሆቴል ክፍል አጽጂ የነበረችው ኤልሲ ፓሪሽ በግዛቱ ሕግ ለ48 ሰዓት ሥራ የተወሰነው 14 ዶላር ከ50 ሳንቲም ተጓድሎብኛል ብላ ያቀረበችው አቤቱታ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘንድ ተቀባይነት አገኘ። በዚያው ዓመት የ1935ቱ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ያቋቋመው የአረጋውያን ጡረታም ሕገ መንግሥታዊ መሆኑ ጸና።

የሕዝብ ባለቤትነትን በሚመለከት ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሆነ ምስክር አለ። በ1919 የሰሜን ዳኮታ ግዛት ገበሬዎች የመረጡት መንግሥት ባንክ አቋቋመ፤ የስንዴ ጎተራና ወፍጮም ለማቋቋም ሕግ አወጣ። ግብር ከፋዮች «ገንዘባችን ለንግድ አይውልም» ብለው ቢከሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1920 ሕዝቡ በራሱ ሕግ የወሰነውን ሕገ መንግሥቱ አይከለክልም ሲል ፈረደ። የሰሜን ዳኮታ ሕዝብ ዛሬ አብዛኛውን ድምፁን ለወግ አጥባቂዎች የሚሰጥ ነው፤ ባንኩ ግን እስከ ዛሬ የግዛቱ ሀብት ሆኖ ይሠራል። ማንም ሰው ባንኩ ስላለ አሜሪካ አሜሪካ መሆንዋን አቆመች አላለም።

ሰውና ንብረት

ነገር ግን የሕግ ቃል ብቻውን የአንድን ሕዝብ ኅሊና አያሳይም። ንብረት በአሜሪካውያን ዘንድ እጅግ የተከበረ መሆኑ የታወቀ ነው። ገበሬው በራሱ መሬት ላይ ማንንም ሳይለማመጥ እንዲኖር የነበረው ምኞት ያንን አገር ከገነቡት ምኞቶች አንዱ ነው። በ1862 የወጣው የሰፈራ ሕግ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 160 ኤክር የመንግሥት መሬት የሰጠው ይህንኑ ምኞት ለማሟላት ነበር። መሬቱ ቀድሞ የአገሬው ተወላጆች ርስት እንደ ነበረ ግን መዘንጋት የለበትም።

ይሁን እንጂ ያው ሕዝብ በታሪኩ ከፍተኛውን የሞራል ውሳኔ የወሰነው «ንብረት» የተባለ ነገር ሁሉ ንብረት ሊሆን እንደማይገባ ባወጀ ጊዜ ነው። በ1865 የጸደቀው 13ኛው ማሻሻያ ባርነትን ሲሽር፣ በዚያን ጊዜ ሕግ የግል ንብረት ተብሎ ይቈጠር የነበረውን ወደ አራት ሚሊዮን የሚጠጋ የሰው ልጅ ነጻ አወጣ። 14ኛው ማሻሻያ ደግሞ ለባለባሪያዎቹ ካሣ እንዳይከፈል ፈጽሞ ከለከለ። ከዚህ የምንማረው የንብረት መብት ከሰው ክብር በታች መሆኑን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ራሱ በደም ከተገዛ በኋላ መመስከሩን ነው።

ሌላም ትምህርት አለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1895 የገቢ ግብርን ሕግ በሻረ ጊዜ ሕዝቡ ፍርድ ቤቱን አላፈረሰም፤ ሕገ መንግሥቱን በራሱ በሕገ መንግሥቱ መንገድ አሻሽሎ በ1913 16ኛውን ማሻሻያ አጸደቀ። ሥራው 18 ዓመታት ፈጀ። የዚያ አገር ልማድ ታላቅ ለውጥን አይከለክልም፣ በዝግታና በብዙ እጆች ስምምነት እንዲሆን ግን ያስገድዳል።

ሶሻሊስቶች በሥልጣን፣ ሶሻሊስቶች በወኅኒ

አሁን ወደ ታሪክ ፈተና እንመጣለን። የሚልዋኪ ከተማ ሕዝብ በ1910 ኤሚል ሳይደል የተባሉትን ሶሻሊስት ከንቲባ አድርጎ መረጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች በአንድ ዕጩ ተባብረው ሲያሸንፏቸው ሳይደል ወንበራቸውን አስረክበው ወጡ። በ1916 የተመረጡት ዳንኤል ሆን ግን 24 ዓመታት አገለገሉ። ስማቸው የሚነሣው በሰላማዊ ሰልፍ ብዛት አይደለም፤ በውኃ ቧንቧ፣ በፍሳሽ መውረጃ፣ በሕዝብ መናፈሻና ከምዝበራ በጸዳ ሒሳብ ነው። ከዚህም የተነሣ ሌሎች ሶሻሊስቶች «የፍሳሽ ቦይ ሶሻሊስቶች» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም በ1940 በምርጫ ተሸንፈው በሰላም ወረዱ። ሦስተኛው ሶሻሊስት ከንቲባ ፍራንክ ዛይድለርም ከ1948 እስከ 1960 በዚያው ወንበር ተቀምጠው በሰላም ለቀቁ። በድምፅ መጥቶ በድምፅ የሚሄድን ሰው የሕገ መንግሥት ጠላት ማለት እንዴት ይቻላል?

በሌላ በኩል ግን በዚያው ዘመን የሕገ መንግሥቱ ቃል የተዘነጋው በማን እጅ እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባል። የባቡር ሠራተኞች መሪ የነበሩት ዩጂን ዴብስ በ1912 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ከመቶ ስድስት ያህል ድምፅ አግኝተዋል። በ1918 በካንተን ኦሃዮ ጦርነትን በመቃወም ስለ ተናገሩ 10 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1919 ፍርዱን ያለ አንድ ተቃውሞ አጸናው። የውሳኔውን ጽሑፍ ያዘጋጁት በ1905 ሕገ መንግሥቱ ለሁሉም አመለካከት ነው ያሉት እኒያው ዳኛ ሆምስ መሆናቸው የሚያሳዝን ነው። ዴብስ በ1920 ከእስር ቤት ሆነው ሲወዳደሩ ከ900,000 በላይ ሰው መረጣቸው፤ በ1921 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ አስፈቷቸዋል።

የሚልዋኪው ቪክቶር በርገር ለተወካዮች ምክር ቤት ቢመረጡ በዚያው የጦርነት ጊዜ ሕግ ተፈርዶባቸዋል ተብሎ ምክር ቤቱ አልቀበልም አለ። ሕዝቡ በማሟያ ምርጫ ደግሞ መረጣቸው፤ ምክር ቤቱም ደግሞ መለሳቸው። ፍርዱ በ1921 ሲሻር ነው ኋላ ተመርጠው መቀመጥ የቻሉት። በ1920 የኒው ዮርክ ግዛት ምክር ቤትም ሕዝብ የመረጣቸውን አምስት ሶሻሊስቶች ስለ ፓርቲያቸው ብቻ አባረረ። በዚያን ጊዜ ለአምስቱ ጥብቅና የቆሙት ሶሻሊስት አልነበሩም። በ1916 የሪፐብሊካን ፓርቲ የፕሬዚዳንትነት ዕጩ የነበሩት ቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ ነበሩ። የመራጩ ድምፅ ከተናቀ የሚናቀው ሕገ መንግሥቱ ራሱ እንደ ሆነ ተረድተው ነበርና። እኒሁ ሰው ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሆነው በ1937 ለሆቴል ሠራተኛዋ ለኤልሲ ፓሪሽ የተፈረደውን ፍርድ ጻፉ። ከተቃዋሚው አሳብ ጋር ሳይስማማ የተቃዋሚውን መብት የሚጠብቅ ሰው፣ የዚያን አገር ልማድ ከሁሉ ይልቅ አክብሯል ብንል አልተሳሳትንም።

ልማዱ ለሶሻሊስቶች የሚያቀርበው ጥያቄ

ይህ ሁሉ ተብሎ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ከሕገ መንግሥቱ አባቶች አንዱ የሆኑት ጄምስ ማዲሰን በ1787 ሲጽፉ የሰዎች መከፋፈል ዋና ምክንያት የንብረት አለመመጣጠን መሆኑን አምነው፣ ብዙኃኑ በስሜት ተነሣሥቶ ዕዳ እንዳይሰርዝና ንብረት እንዳይከፋፈል ሰፊውንና የተከፋፈለውን መንግሥት እንደ መድኃኒት አቅርበዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ግዛት ሁለት ሴናተሮች አሉት፤ ፕሬዚዳንቱ ሕግ ሊመልስ ይችላል፤ ዳኞችም ሊሽሩ ይችላሉ። በአንድ ምርጫ አሸንፎ ኢኮኖሚውን በአንድ ጊዜ ለመለወጥ የሚሻ ሰው ከዚህ ሥርዐት ጋር መጋጨቱ አይቀርም። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1937 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ዳኞች ቁጥር ለመጨመር ሲነሡ፣ የገዛ ፓርቲያቸው አብላጫ የነበረበት ሴኔት እምቢ አላቸው። ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1952 በኮሪያ ጦርነት ጊዜ የሥራ ማቆም አድማን ለማስቀረት የብረት ፋብሪካዎችን በትእዛዝ ሲይዙ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በስድስት ለሦስት ድምፅ የኮንግሬስ ሕግ በሌለበት ይህን ማድረግ አይችሉም አላቸው። ጊዜው የጦርነት፣ ምክንያቱም በጎ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ አያዝም።

ከሁሉ የጠነከረውን ተቃውሞ ያቀረበው ግን አሜሪካን በ1831 የጎበኘው ፈረንሳዊው አሌክሲ ደ ቶክቪል ይመስለናል። በ1848 በአገሩ ምክር ቤት ሲናገር ዴሞክራሲና ሶሻሊዝም የሚገናኙት እኩልነት በሚለው ቃል ብቻ ነው፤ አንዱ እኩልነትን በነጻነት፣ ሌላው በግዳጅ ይሻል ብሎ ነበር። ይህን ንግግር በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ቤቱንም፣ እንጀራውንም፣ ሥራውንም፣ የልጁንም ትምህርት ከአንድ እጅ የሚቀበል ሰው ያንን እጅ በድምፁ ለመቃወም ይደፍራልን? የቀበሌን ቤትና የቀበሌን ሱቅ የምናስታውስ እኛ መልሱን አንስተውም። ቤቱ የቀበሌ፣ ስኳሩና ዘይቱ በቀበሌ፣ የስብሰባውም ጥሪ ከቀበሌ በሆነበት ጊዜ ዝም ማለት ጥበብ ተብሎ ይቈጠር ነበር።

ነገር ግን ጥያቄው ወደ ሌላውም ወገን መዞር አለበት። በቺካጎ አጠገብ የነበረችው የፑልማን ከተማ ፋብሪካዋም፣ መኖሪያ ቤቶችዋም፣ መደብርዋም የአንድ የባቡር ፉርጎ ሠሪ ኩባንያ ነበሩ። በ1893 በደረሰው የኢኮኖሚ ቀውስ ኩባንያው ደመወዝ ሲቀንስ የቤት ኪራይ ግን አልቀነሰም። በ1894 ሠራተኞቹ ሥራ ሲያቆሙ በዴብስ የተመራው ማኅበር አገዛቸው፤ መንግሥት ወታደር አሰማራ፤ ዴብስም ስድስት ወር ታሰሩ። በ1898 የኢሊኖይ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው ለፋብሪካ ሥራ የማያስፈልገውን የከተማዋን ንብረት እንዲሸጥ አዘዘ። ያ ፍርድ ቤት በሶሻሊስቶች የተመላ አልነበረም። አሠሪም፣ አከራይም፣ ነጋዴም፣ አስተዳዳሪም አንድ ሰው መሆኑ ግን ከአሜሪካ ሥርዐት ጋር እንደማይስማማ ተሰምቶታል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በመነሣት የደረስንበት አሳብ ይህ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥታዊ ልማድ በጥልቁ የሚፈራው ሥልጣን በአንድ እጅ መከማቸቱን ነው። ያ እጅ የንጉሥ፣ የብዙኃን፣ የኩባንያ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል። ዴሞክራሲያዊ ሶሻሊዝም የተከማቸውን ሥልጣን የሚበትን፣ ደካማውን ለጠንካራው እንዳይለማመጥ የሚያደርግ እስከ ሆነ ድረስ ከዚህ ልማድ ጋር ይስማማል። የጡረታ መብት ያላት አሮጊት ከልጅዋም ከአሠሪዋም ፊት ቀና ብላ ትቆማለች፤ በ1965 የወጣው የአረጋውያን ሕክምና ሕግም እንዲሁ አድርጓል። ነገር ግን አንዱን የተከማቸ ኃይል በሌላ የተከማቸ ኃይል የሚተካ ከሆነ፣ ስሙ ምንም ቢሆን፣ በድምፅም ቢመጣ፣ ከዚያ ልማድ ጋር ይጋጫል።

ቤተ ክርስቲያን ከየትኛው ወገን ናት?

አንዳንድ ምእመናን «ቤተ ክርስቲያን ሶሻሊዝምን አውግዛለችና ነገሩ አበቃ» ይሉናል። እውነት ነው፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1891 በጻፉት «ሬሩም ኖቫሩም» የግል ንብረት የተፈጥሮ መብት መሆኑን አስተምረው የሶሻሊስቶችን አሳብ ነቅፈዋል። በዚያው መልእክት ግን ሠራተኛው በችግር ተገድዶ የተቀበለው ውል ሁሉ ፍትሐዊ እንደማይሆን፣ ደመወዙም ለኑሮ ሊበቃው እንደሚገባ አስተምረዋል። ይህም በ1905 የአሜሪካ ዳኞች ከፈረዱት ጋር አይስማማም። ፒዮስ 11ኛ በ1931 አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ቅን ካቶሊካዊና እውነተኛ ሶሻሊስት ሊሆን እንደማይችል ሲጽፉ፣ በዚያው መልእክት የኢኮኖሚ ሥልጣን በጥቂቶች እጅ መከማቸቱንም በጽኑ አውግዘዋል። እንዲሁም ቤተሰብና አነስተኛው ማኅበር ራሱ ሊሠራው የሚችለውን ታላቁ ማኅበር ነጥቆ መውሰዱ በደል መሆኑን አስተምረዋል። ይህ ትምህርት ከላይ «አንድ እጅ» ካልነው ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ አንባቢ ይመዝነው።

በ1919 የአሜሪካ ጳጳሳት በካህኑ ጆን ራያን እጅ የተረቀቀውን የማኅበራዊ ተሐድሶ ዕቅድ ሲያወጡ፣ ዝቅተኛ ደመወዝ በሕግ እንዲወሰን፣ ለሕመም፣ ለእርጅናና ለሥራ ማጣት ዋስትና እንዲኖር ጠይቀዋል፤ ሠራተኞችም በጊዜ ብዛት የመሥሪያዎቹ ባለቤቶች እንዲሆኑ ተመኝተዋል። ሶሻሊዝምን ግን በቢሮክራሲ የግለሰቡን አቅም ያሳጣል ብለው አልተቀበሉትም። ከጠየቁት ብዙው ከ16 ዓመት በኋላና ከዚያ ወዲህ የአገሩ ሕግ ሆነ። በነዲክቶስ 16ኛም ስለ አውሮጳ ሲጽፉ ዴሞክራሲያዊው ሶሻሊዝም ከአምባገነናዊው እንደሚለይና በብዙ ነገር ለካቶሊክ ማኅበራዊ ትምህርት ቅርብ እንደ ነበረ ገልጸዋል። በ2025 የተመረጡት የመጀመሪያው አሜሪካዊ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 14ኛ ስማቸውን የመረጡበትን ምክንያት ሲገልጹ የሊዮን 13ኛን መልእክት መጥቀሳቸውም የሠራተኛው ጥያቄ ገና እንዳላለቀ ያሳያል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን የማንኛውም ፓርቲ ማኅተም አይደለችም፤ ለሁሉም የምታቀርበው መመዘኛ ግን አላት።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

ከዚህ በኋላ በአሜሪካ የሚኖር፣ የዜግነት ድምፅ ያለው ወገናችን አንድ ሰው ራሱን ሶሻሊስት ብሎ ሲጠራ ሲሰማ በስሙ ብቻ እንዳይደነግጥ፣ በስሙም ብቻ እንዳይማረክ እንመክራለን። ይልቅስ ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ። ሊያደርገው ያሰበውን በሕግና በካሣ ያደርገዋልን? ዕቅዱ ሥልጣንን ለብዙዎች ያካፍላል ወይስ በአንድ ቦታ ይሰበስባል? ደግሞስ በሚቀጥለው ምርጫ ቢሸነፍ እንደ ሚልዋኪዎቹ ከንቲባዎች ቁልፉን አስረክቦ ይወጣልን? እነዚህን ጥያቄዎች ለሶሻሊስቱ ብቻ ሳይሆን ለተቃዋሚውም ማቅረብ ፍትሐዊ ነው። በገበያ ስም የሚመጣም ሥልጣኑን ሊያከማች፣ የተቃዋሚውን ወንበር ሊነጥቅ እንደሚችል ከ1920ው የኒው ዮርክ ምክር ቤት አይተናልና።

ዴሞክራሲያዊ ሶሻሊዝም ከአሜሪካ ሕገ መንግሥት ጋር ይስማማልን? ለሚለው ጥያቄ መልሳችን እንግዲህ ይህ ነው። ሕገ መንግሥቱ ሶሻሊዝምን አያዝም፣ አይከለክልምም፤ በሩን በዝግታ ለሚገቡ፣ ሌላውን ከቤት ለማያስወጡ ሁሉ ክፍት አድርጎታል። ከዚህ በላይ የሚወስነው የዜጎች ኅሊና ነው። ድኻው ጎረቤታችን የጋራ ጉዳያችን መሆኑን የሚክድ ልማድ ካለ፣ እርሱ መታረም ይገባዋል። ድኻውን እናድናለን እያለ አንደበቱን የሚዘጋበት ትምህርት ቢመጣ ደግሞ፣ የሁለቱንም ዋጋ የከፈለ ሕዝብ ልጆች እንደ መሆናችን ቀድመን ልናውቀው ይገባናል። እንጀራና ነጻ አንደበት ለአንድ ሰው የተሰጡ ናቸው፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን እንዲሸጥ የሚያስገድድ ሥርዐት፣ በየትኛውም አገርና በየትኛውም ስም፣ ለሰው ልጅ የሚገባ አይደለም።